«ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ»፦ የዝና ምኞት፣ የዘፈን ሽያጭና የሥነ ቃል ጥናታችን

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ ፊልምና አንድ የካሴት ሽፋን ናቸው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ጃማይካ ውስጥ በግል ጥረት የተሠራው «ዘ ሃርደር ዘይ ከም» ነው። የካሴቱ ሽፋን ደግሞ በ1989 ዓ.ም. በትውልድ ቦታዬ በጨፋ ሮቢት ገበያ የተገዛ፣ ቀለሙ የለቀቀና ዛሬም በእጄ የሚገኝ ወረቀት ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድ የገጠር ወጣት የዘፈኑን መብት በ20 ዶላር ይሸጣል። በካሴቱ ሽፋን ላይ ደግሞ ከአንድ ዘፈን ርእስ ግርጌ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ተጽፏል።

ሁለቱን ነገሮች ያገናኘችልኝ አንዲት ተማሪ ናት። ፊልሙን በሥነ ቃል ትምህርት ክፍለ ጊዜ አብረን ካየን በኋላ፣ «መምህር፣ ልጁ ቢታለልም 20 ዶላር አግኝቷል፤ ስሙም ሸክላው ላይ አለ። የሕዝብ ነው የሚባለው ግጥም ገጣሚስ ምን አገኘ?» ስትል ጠየቀችኝ። በዕለቱ የሰጠኋት መልስ ሁላችንም የምናውቀውና የምናስተምረው ነበር፤ ሥነ ቃል ደራሲው አይታወቅም፣ ባለቤቱም ማኅበረሰቡ ነው አልኳት። መልሱ ፈጽሞ ስሕተት ነው አልልም። ነገር ግን እኔ ራሴ ደራሲዋን በስም የማውቃት አንዲት «የሕዝብ» ግጥም እንዳለች በዚያ ሰዓት ትዝ አለችኝና ንግግሬ ተቋረጠ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያች ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ዓላማውም በአገራችን የሙዚቃ ኅትመት ታሪክ ውስጥ ዘፋኝና ገጣሚ ለሥራቸው ምን ይከፈላቸው እንደነበረ መመርመርና፣ የዚህም ታሪክ አንዱ ክፍል የሥነ ጽሑፍ ጥናት ዘርፋችንን በቀጥታ የሚመለከት መሆኑን ማሳየት ነው። በጽሑፉ አቅራቢ እምነት፣ ከሸክላ እስከ ካሴት፣ ከካሴትም እስከ ዛሬው ዩቲዩብ ድረስ ለኪነ ጥበብ ሰው በብዛት የተከፈለው ደመወዝ ገንዘብ ሳይሆን «ስም» ነበር። ስም ያልደረሳቸው ደግሞ «የሕዝብ» በሚለው ቃል ተሸፍነው ቀርተዋል።

ፊልሙ

«ዘ ሃርደር ዘይ ከም» በፔሪ ሄንዘል አዘጋጅነት የተሠራ ሲሆን፣ ድርሰቱን ሄንዘል ከተውኔት ጸሐፊው ከትሬቨር ሮን ጋር ጽፎታል። በጃማይካውያን የተሠራ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም እንደሆነ ይነገርለታል። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ኢቫንን ሆኖ የተጫወተው ድምፃዊው ጂሚ ክሊፍ ነው።

ታሪኩ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም። ኢቫን አያቱ ሲሞቱበት ከገጠር ተነሥቶ በአውቶቡስ ኪንግስተን ይገባል። ገና ከመውረዱ የያዘውን ዕቃ በጋሪ የሚገፋለት ሰው ይዞበት ይጠፋል። በአንድ ሰባኪ ዘንድ ተጠግቶ ሲሠራ ከቆየ በኋላ ሂልተን በሚባል የሸክላ አሳታሚ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ዘፈን ይቀዳል። አሳታሚው 20 ዶላር ያቀርብለታል። ኢቫን እምቢ ብሎ ሸክላውን ራሱ ሊያከፋፍል ይሞክራል፤ ነገር ግን ያለ ሂልተን ፈቃድ ዘፈኑን የሚያጫውትለት ጣቢያም ሆነ የሚሸጥለት ሱቅ አያገኝም። ተመልሶ ይፈርማል። ዘፈኑ ዝና የሚያገኘው ዘፋኙ ፖሊስ ገድሎ በሚፈለግበት ጊዜ ነው። ስሙ በየግድግዳው ይጻፋል፣ ፎቶግራፉ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ሸክላው ይሸጣል፤ እሱ ግን በመጨረሻ ባሕር ዳርቻ ላይ በጥይት ይወድቃል።

በዚህ ፊልም ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ፣ ሁለት ዓይነት ማታለል ጎን ለጎን መቅረቡ ነው። የመጀመሪያው የጋሪ ገፊው ነው፤ ይህ ስርቆት ነው፤ ሁሉም ሰው ስርቆት መሆኑን ያውቀዋል። ሁለተኛው የአሳታሚው ነው። ሂልተን ግን ሌባ አይደለም። ዋጋውን ተናግሯል፣ ወረቀቱን አቅርቧል፣ ኢቫንም በፈቃዱ ፈርሟል። ኃይሉ የመጣው መቅጃውም፣ ማተሚያውም፣ ወደ ራዲዮ የሚያደርሰውም መንገድ በእጁ በመሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ጃማይካ ትሠራበት የነበረው የቅጂ መብት ሕግ እ.ኤ.አ. የ1911 የእንግሊዝ ሕግ ነበር፤ የራሷን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። እንግዲህ ፊልሙ የሚጠይቀን «ሌባው ማን ነው?» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «ወጣቱ በ20 ዶላር ለምን ፈረመ?» የሚለውንም ነው። የፈረመው ስሙን ለመስማት ሲል ነው። ይህን ይዘን ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ።

ከሸክላ እስከ ካሴት

በንግድ ሸክላ ላይ ድምፁ የተቀረጸ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተሰማ እሸቴ እንደሆነ ይታወቃል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለሙያ ትምህርት ወደ ጀርመን አገር ተልኮ በነበረበት ጊዜ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ድምፁ በዚያው ተቀርጿል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የዘመናዊ ሙዚቃ አሳዳሪ መንግሥት ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የማርሽ ባንድ ሆኑ። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ከጣሊያን ወረራ በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ተስፋፉ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተከፈተ።

በዚህ ሥርዓት ድምፃዊው ወታደር ወይም የቲያትር ቤት ሠራተኛ ነበር። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር የሚነሡት በዚሁ ምክንያት ነው። የወር ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ ዘፈኑ ግን የቤቱ ነው። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈ ጊዜ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከጦሩ ጋር አብረው መታሰራቸው፣ በዚያ ዘመን አንድ ዘፋኝ ከሁሉ አስቀድሞ የማን ሰው ተብሎ ይቆጠር እንደነበረ ያሳያል።

ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትም ቢሆን በ1940 ዓ.ም. በወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን ብቸኛ መብት የደፈረው ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ነው። በ1961 ዓ.ም. የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በህንድ አገር አሳትሞ አዲስ አበባ ላይ ሸጠ። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና 12 ረጃጅም ሸክላዎችን አወጣ። የዓሊ አብደላ ካይፋ ካይፋ ሪከርድስም ተከተለ፤ የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1967 ዓ.ም. በካይፋ የወጣ ነው። አምሃ እሸቴ ከአብዮቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኋላም ተመልሶ በ2013 ዓ.ም. አረፈ። የእሱ ድፍረት ባይኖር ዛሬ የምንኮራበት ድምፅ ከፊሉ ባልቀረልን ነበር።

ሆኖም የአምሃ ድፍረት አንድ ነገር ለወጠ እንጂ ሁሉን አልለወጠም። የማሳተም መብት ከአንድ ማኅበር ወደ ጥቂት ነጋዴዎች ተሸጋገረ፤ የቀረጻው ባለቤት ግን አሁንም አሳታሚው ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ብራስልስ ውስጥ ክራምድ ዲስክስ «እሬ መላ መላ»ን እንደገና ሲያሳትም፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮም በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት በፓሪስ ሲወጣ፣ የቀድሞዎቹ አሳታሚዎች የያዟቸው የድምፅ ቅጂዎች መሠረት ሆነው አገልግለዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ በሙዚቃ ንግድ ውስጥ ዕድሜ ያለው ንብረት ማስተሩ እንጂ ለዘፋኙ የተከፈለው ገንዘብ አለመሆኑን ነው።

ከ1970 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሸክላ ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። የሰዓት እላፊው የሌሊት ክበቦችን ባቀዘቀዘበት በዚያ ዘመን፣ ሙዚቃ ወደ ቤት፣ ወደ ሻይ ቤትና ወደ አውቶቡስ ገባ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነበር። ድምፃዊው ግጥምና ዜማ ከደራሲዎች ይሰበስባል፤ አቀናባሪና ባንድ ይገኛል፤ ስቱዲዮ ይገባል፤ የተቀዳው ማስተር ለሙዚቃ ቤት ይሸጣል። ሽያጩ በአብዛኛው የአንድ ጊዜ ቁርጥ ክፍያ ነበር። ካሴቱ አንድ ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ፣ ለዘፋኙ የሚጨመርለት የለም፤ ግጥም ሰጪው ከዘፋኙ፣ ዘፋኙም ከሙዚቃ ቤቱ አንዴ ተቀብሎ ይለያያል። ለሙዚቃ ቤቱም ቢሆን ኪሳራው ቅርብ ነው። ካሴቱ በወጣ በሳምንቱ በየክፍለ ሀገሩ ባለ ሁለት ማጫወቻ ቴፕ ይባዛል። ከሚሴም ሆነ ጨፋ ሮቢት እኔ ልጅ ሆኜ የማውቀው ካሴት አብዛኛው እንዲህ የተባዛ ነበር፤ ባዶ ካሴት ይዘን ሄደን አስቀድተን እንመለስ ነበር። ስለዚህ በሰንሰለቱ ውስጥ ሁሉም ሰው፣ አድማጩም ጭምር፣ ከአንድ ሰው ያልከፈለበትን ነገር ወስዷል ለማለት ይቻላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ወጣቶች ለምን ወደ ሙዚቃ ቤት ደጃፍ ጎረፉ? መልሱ የፊልሙ መልስ ነው። ካሴት ስም ያወጣል። ስም ካለ ሠርግ ይጠራል፣ መድረክ ይገኛል፣ ምናልባትም ውጭ አገር ይኬዳል። በአማርኛችን «ስም» የሚለው ቃል ከመጠሪያነት አልፎ ሀብትና ክብር ማለት ሆኗል፤ ስመ ጥር፣ ስም ያለው፣ ስም ያወጣ እንላለን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ተረትም ይህንኑ ያጠናክራል። ደላላውና አሳታሚው የሚነግዱት በዚህ ቃል ነበር።

ከጨፋ ሮቢት አንድ ጉዳይ

እዚህ ላይ ስለ ቅርቤ ሰው ለመናገር አንባቢን ፈቃድ እጠይቃለሁ። ጨፋ ሮቢት ከከሚሴ በስተደቡብ በጨፋ ሸለቆ የምትገኝ የአርጡማ ፉርሲ ወረዳ ከተማ ናት። ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ በበጋ ከሩቅ ለሚመጡ ከብት አርቢዎች ጭምር ግጦሽ ነው። ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ሠርግ ላይ፣ አንዳንዴም በአንድ ዘፋኝ አፍ፣ እየተቀባበሉ ይዘፈናሉ። አክስቴ በዚህ የታወቁ ነበሩ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ሠርግ በተጠራ ቁጥር ግን አዲስ ግጥም ሳይገጥሙ አይቀሩም። ልጃቸው፣ ማለት የአክስቴ ልጅ፣ ከእኔ በዐሥር ዓመት ገደማ ይበልጣል። ድምፁ ጥሩ ነበር። የእናቱን ግጥሞች በአንድ ደብተር ላይ ጽፎ ይይዛቸው ነበር።

በ1988 ዓ.ም. እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ የአክስቴ ልጅ አንድ ወይፈን ሸጦ አዲስ አበባ ሄደ። አንድ ደላላ «ስቱዲዮ አስገባሃለሁ፣ ሙዚቃ ቤትም አገናኝሃለሁ» ብሎ ብር 700 ተቀበለው። ደረሰኝ አልነበረም፤ ምስክርም አልነበረም። ሁለት ጊዜ ወደ አንድ ቤት ወስዶ ድምፁን በትንሽ ቴፕ አስቀዳው። «ግጥሙን ሰዎቹ ይዩት» ብሎ ደብተሩንም ወሰደው። ከዚያ በኋላ ደላላው አልተገኘም። የአክስቴ ልጅ አምስት ወር ያህል የቀን ሥራ እየሠራ ፈለገው፤ በመጨረሻም ወደ ጨፋ ሮቢት ተመለሰ።

በማግሥቱ ዓመት አንድ ካሴት ወጣ። ዘፋኙንም ሆነ ሙዚቃ ቤቱን አልጠቅስም፤ ደብተሩ በስንት እጅ አልፎ እንደደረሳቸው ስለማላውቅ ልከሳቸው አልችልም። ካሴቱን የአክስቴ ልጅ የሰማው ከከሚሴ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከዘፈኖቹ በአንዱ ውስጥ አክስቴ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በጎረቤት ሠርግ ላይ የገጠሟት ግጥም ነበረች። እሳቸው የገጠሟት እንዲህ ነበር፦

ቦርከና ቢሞላ በበጋ ይጎድላል፣
የኔና ያንተን ቃል ምን ወንዝ ይለየዋል።

በካሴቱ ላይ «ቦርከና» ወጥቶ «ዓባይ» ገብቷል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። በሽፋኑ ላይ ከዘፈኑ ርእስ ግርጌ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል።

እኔን እስካሁን የሚያስገርመኝ የቤተሰባችን ስሜት ነው። የተናደደ ሰው አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ከአውቶቡስ እንደወረደ ያገኘውን ሰው ሁሉ «የእናቴ ግጥም ተዘፈነ» እያለ ሲናገር ዋለ። ካሴቱን ገዝቶ ለእናቱ አመጣላቸው። አክስቴ ሰምተው ሳቁ፤ «ዓባይን እኔ የት አውቀዋለሁ?» ብቻ ነው ያሉት። ወይፈኑ ተረሳ። ስሟ ያልተጠራ እናት፣ ስሙ ያልተጻፈ ልጅ፣ የዝናውን ጥላ ብቻ አይተው ተደሰቱ። ኢቫን በ20 ዶላር ሲፈርም ቢያንስ ስሙን አስጽፏል፤ እነርሱ ግን ብር 700 ከፍለው ስማቸውንም አላገኙም።

የወንዙ ስም መለወጥም ተራ ነገር አይደለም። ዓባይን አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ቦርከናን የሚያውቀው የመንገዱ ሰው ነው። አዘጋጁ ይህን ያደረገው ገበያ አስቦ ይሆናል። ሆኖም ከግጥሟ ገጣሚዋ ብቻ ሳትሆን አገሯም ወጥታለች። የቦታው ስም ቢቀር ኖሮ «የሕዝብ» የተባለው ቢያንስ «የትኛው ሕዝብ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይኖረው ነበር።

ባቲ፦ ስም የሰጠ ቦታ

ይህ በአንድ ግጥም ላይ የደረሰ ነገር በአካባቢያችን ከዚህ በሰፋ መልክም ይታያል። በሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችን አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ተብለው ይሰጣሉ። ከአራቱ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ባቲ ዛሬ በዚሁ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ የምትገኝ የታወቀች የገበያ ከተማ ናት። በባቲ ቅኝት የተሠሩ ዘፈኖች ከሸክላ እስከ ካሴት፣ ከአዲስ አበባ ክበቦች እስከ አውሮፓ መድረኮች ተጉዘዋል።

በዚህ በኩል የቦታው ስም ከድምፁ ጋር አብሮ በመኖሩ ደስ ሊለን ይገባል። ነገር ግን ከባቲ ገበያ ያንን ድምፅ ካወጡት ሰዎች መካከል የስንቱን ስም እናውቃለን? ቅኝቱን ለዘመናት ያሳደጉት አዝማሪዎች፣ እረኞችና የሠርግ ዘፋኞች አልተመዘገቡም። ቅኝት እንደ ቋንቋ የጋራ ስለሆነ የአንድ ሰው ንብረት ይሁን የሚል ክርክር የለኝም። የምለው፣ በጋራ ሀብትና በተወሰደ የግል ሥራ መካከል ልዩነት እንዳለ ነው። ባቲ የሚለው ቅኝት የጋራ ነው፤ በባቲ ቅኝት በ1986 ዓ.ም. በአንዲት ሠርግ ላይ አንዲት ሴት የገጠመችው ግጥም ግን የእሷ ነው። «የሕዝብ» የሚለው ቃል ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ ያሳየናል።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 እስከ 1674 ድረስ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግጋል። ሆኖም ይህ ሕግ የደራሲን መብት እንጂ የዘፋኙንና የድምፅ ቀረጻ አዘጋጁን ልዩ መብት በሚገባ የሚሸፍን አልነበረም። በካሴት ዘመን የተፈጠረው ቅሬታ ሁሉ በዚህ ክፍተት ውስጥ ሲንከባለል ኖረ። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 320 የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። ይህ አዋጅ ለደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት፣ ለከዋኝና ለድምፅ ቀረጻ አዘጋጅም ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ከገንዘብ ጥቅም በተጨማሪ የደራሲነት ስሙ እንዲገለጽለት የመጠየቅና ሥራው እንዳይዛባበት የመቃወም መብትን፣ ማለት የሞራል መብትን፣ ያውቃል። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ተሻሽሎ የሮያሊቲ ክፍያና የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ጉዳይ ተካተተ።

ልብ እንበል፦ አክስቴ የደረሰባቸውን ነገር በዚህ ሕግ ብንመዝነው የተነካው የሞራል መብት ነው። ስማቸው አልተገለጸም፤ ቦርከናም ዓባይ ሆኗል። ነገር ግን ሕጉ እንዲሠራ መብቴ ተነካ የሚል ሰውና ደራሲነቱን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ለቃል ግጥም ማስረጃው ምንድን ነው? ወረቀት ላይ ያልሰፈረ፣ በሠርግ መካከል የተወለደ ግጥም የእገሌ ነው ብሎ የሚመሰክረው ማን ነው? በዚህ ነጥብ ላይ ጥያቄው ከፍርድ ቤት ወጥቶ ወደ እኛ ትምህርት ክፍል ይመጣል። የቃል ግጥምን ከአፍ ወደ ወረቀት የማስፈር ሥራ የእኛ ነውና።

እኛስ?

በ2001 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ያቀረብኩት ጥናት የጨፋና አካባቢው የሠርግ ግጥሞችን የሚመለከት ነበር። ለመረጃ ስብሰባ በወጣሁ ጊዜ መጀመሪያ የሄድኩት አክስቴ ዘንድ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ቡና እያፈሉ ነገሩኝ። የቦርከናን ግጥምም በድጋሚ ቀዳኋት። በጥናቱ ውስጥ ግጥሟ «የፍቅር ግጥሞች» በሚለው ክፍል ተመድባ ትገኛለች። አክስቴ «መረጃ አቀባይ ቁጥር 7» ተብለዋል። ዕድሜያቸውና የትምህርት ደረጃቸው ተጠቅሷል፤ ግጥሟ የእሳቸው መሆኗ ግን አልተጠቀሰም።

ከዚህም የባሰ ነገር አድርጌአለሁ። በዚያን ጊዜ በተማርኩት ዘዴ መሠረት፣ አንድ ግጥም ሥነ ቃል መሆኑ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ በተለያየ ቦታ በተለያየ መልክ መገኘቱ ነው። እኔም ካሴቱን ጠቅሼ «ይህቺ ግጥም ‹ዓባይ ቢሞላ› በሚል ተለዋጭ መልክም ስለተገኘች በሰፊው የተሰራጨች ሕዝባዊ ግጥም መሆኗን እንረዳለን» ብዬ ጽፌአለሁ። ካሴቱ እንዴት እንደተገኘ ከማንም በላይ የማውቅ ሰው፣ የተወሰደውን ግጥም «የሕዝብ» ለመሆኑ ማስረጃ አድርጌ አቀረብኩት። ገምጋሚዎቼም ይህን ክፍል አመስግነውልኛል። ደላላው ደብተር ወሰደ፤ እኔ ደግሞ ዲግሪ አገኘሁበት። አክስቴ ሁለቱንም ጊዜ ያገኙት ነገር ቢኖር መደሰት ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ ያህል ብቻ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲዎቻችን መደርደሪያ ላይ ያሉትን የሥነ ቃል ጥናቶች ያገላበጠ ሰው፣ ይህ የአንድ ሰው ስሕተት ሳይሆን የዘርፉ ልማድ መሆኑን ይገነዘባል። እርግጥ ነው፣ ብዙ ግጥሞች በእውነትም ደራሲያቸው የማይታወቅ የጋራ ሀብት ናቸው። ደግሞም የሥነ ቃል ተፈጥሮ መለዋወጥና መወራረስ ስለሆነ፣ ሁሉን ለግለሰብ ማከፋፈል ባህሉን ይገድላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ይሁን እንጂ «ደራሲው አይታወቅም» ማለትና «ደራሲውን አልጠየቅንም» ማለት አንድ አይደሉም። እኔ «ግጥሟን ማን ገጠማት?» ብዬ አክስቴን አልጠየቅኋቸውም፤ መልሱን ስለማውቀው ነበር ያልጠየቅሁት፤ ስላልጠየቅሁም አልጻፍኩትም።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደተሞከረው፣ በአገራችን የሙዚቃ ኅትመት ታሪክ ውስጥ የኪነ ጥበብ ሰው በደመወዝ፣ በቁርጥ ክፍያና በዝና ተስፋ ሲተዳደር ቆይቷል። ዛሬ የካሴት ቤቶቹ አብዛኞቹ ተዘግተዋል። ተማሪዎቼ እንደሚነግሩኝ ግን ደላላው ስልክ ይዞ ተመልሷል፤ ክሊፕ አሠራልሃለሁ፣ ተመልካች አበዛልሃለሁ ብሎ ይቀበላል። የዝና ምኞት በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ምኞቱ ዋጋ ተደርጎ ሲከፈል ነው።

ለዚህ ከትምህርት ክፍላችን አቅም ያልወጡ ሦስት ነገሮች ይታዩኛል። አንደኛ፣ ተማሪዎቻችን ቃል ግጥም ሲሰበስቡ ማን እንደገጠመው፣ የትና በምን አጋጣሚ እንደተገጠመ እንዲጠይቁና፣ ባለቤቱ ፈቃደኛ ከሆነ በሙሉ ስሙ እንዲመዘግቡ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ከጊዜ በኋላ ለሕግም ማስረጃ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የካሴት ሽፋኖች የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሰነድ መሆናቸውን ተቀብሎ ሳይጠፉ መሰብሰብ ነው፤ የብዙ ግጥም ደራሲዎች ስም ያለው በእነዚያ ትናንሽ ወረቀቶች ላይ ነው፤ የሌለውም እዚያው ላይ ይታወቃል። ሦስተኛ፣ ከዚህ ቀደም የተሠሩ ጥናቶችን መረጃ አቀባዮቹ በሕይወት ሳሉ ተመልሶ ማረም ነው።

ሦስተኛውን በራሴ ጀምሬአለሁ። ባለፈው ክረምት ጨፋ ሮቢት ሄጄ የጥናቱን ቅጂ ለአክስቴ አነበብኩላቸው። አሁን ሰማንያን አልፈዋል። «መረጃ አቀባይ ቁጥር 7» የሚለው ስፍራ ላይ ስደርስ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። «እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ስሜን አጥተኸው ነው?» አሉኝ። በቤተ መጻሕፍታችን ባለው ቅጂ ላይ የእርማት ገጽ እንዲጨመር ጽፌ አመልክቻለሁ። በእርማቱ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ፤ የአክስቴ ሙሉ ስምና «ቦርከና» የሚለው ቃል የግጥሟ መነሻ እንጂ ተለዋጭ አለመሆኑ።